ቃሉ ዘመድ ሲኖረው

ውድ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በቅርቡ ለተማሪዎቼ አሥር ቃል አነበብኩላቸው። ዓሣ፣ ጀልባ፣ መረብ፣ ገበያ… ከዚያ “ያስታወሳችሁትን ጻፉ” አልኳቸው። አብዛኞቹ ከግማሽ በላይ ጻፉ። የሀዋሳ ልጆች ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ሲበለት እያዩ ያደጉ። ቀጥዬ ከሳይንስ መጽሐፋቸው አሥር ቃል አነበብኩ። ትነት፣ እፍግታ፣ ሰበቃ… እስክሪብቶው ሁሉ ቆመ።

ዓሣ ሲባል ጀልባው ይመጣል፤ ጀልባው ሐይቁን ይጠራል። የለመድነው ቃል ዘመዱ ብዙ ነው፣ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ያወጣዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 የማስታወስ ጥናቱን ሲያሳትም የተጠቀመው ትርጉም በሌላቸው ድምፆች ነበር። ይህ ዝምድና እንዳያግዘው ብሎ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። የተነበቡትን ካልተነበቡ ጋር ቀላቅለን “የትኛውን ሰምታችኋል?” ብንል ነገሩ ይገለበጣል። ብርቅ ቃል ቶሎ ይለያል። “ገበያ”ን ልጁ በየቀኑ ስለሚሰማው፣ ክፍል ውስጥ ይስማው ቤት፣ ይምታታበታል።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ልጁ ምርጫ ጥያቄ ላይ “ትነት”ን አይቶ ያከብበዋል። “አብራራ” ሲባል ግን ቃሉ አይመጣለትም። እኛም “አላጠናም” እንላለን። ስንቱን ልጅ እንደዚያ ብያለሁ! ደግሞ ቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ለሚነገርበት ልጅ፣ እኔ ተራ የምለው የአማርኛ ቃል ራሱ ብርቅ ሊሆን ይችላል። የቃል መለመድ የሚለካው በልጁ ጆሮ ነው፣ በእኔ አይደለም።

ስለዚህ ሽምደዳውን ትቼ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። “ውሃው የት ሄደ?” አልኩ። “ደረቀ!” አሉ። “ተነነ” አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቃሉን አልተውኩትም። ሻይ ሲፈላ ትነት፣ ዝናብ አባርቶ ግቢው ሲደርቅ ትነት። ወላጆችም ቤት ውስጥ እንዲሉት ለመንኩ።

አርብ ዕለት አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ የእማዬ ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ በትነት ደረቀ” አለች። ፈተናው ላይ “ትነትን አብራሪ” ለሚለው ያንኑ ነጠላ ጻፈች።

አመሰግናለሁ።