የሳይበር ወንጀል ሕግ የሚጠይቀው፦ ፈቃድ ነበረ? ማስረጃውስ አለ?

[በስክሪን፦ የ2000 የኢሜይል ገጽ]

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 «አይ ላቭ ዩ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ቫይረስ ይዞ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አወከ። ተጠርጣሪው ፊሊፒንስ ውስጥ ቢገኝም ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ በጊዜው አገሪቱ ቫይረስ ማሰራጨትን የሚቀጣ ሕግ አልነበራትምና። ሕጉ በወሩ ወጣ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ግን አይሠራም።

ዛሬ የብዙ አገሮች ሕግ መልኩ ተቀራራቢ ነው፤ ብዙዎቹ የ2001ን የቡዳፔስት ስምምነት፣ ማለትም የሳይበር ወንጀልን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ውል፣ መነሻ አድርገዋል። ያለፈቃድ መግባት፣ መረጃ መጥለፍ፣ ዳታ ማበላሸት፣ አገልግሎት ማስተጓጎል፣ በኮምፒውተር ማጭበርበር፤ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ክርክሩ የሚበዛው «ያለፈቃድ» የምትለው ላይ ነው። በእንግሊዝ የ1990 ሕግ መሠረት ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ ለመግባት የሞከረ ሰው ምንም ባያበላሽም ጥፋተኛ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ሌላ ወሰን አሰመረ፦ ዳታቤዙን እንዲያይ የተፈቀደለት ፖሊስ መረጃውን ለግል ጥቅም ስላወጣ ብቻ የ1986ቱን የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ አልጣሰም። ወሰኑ እንዲህ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የኮምፒውተር ደኅንነት ፍተሻ የምትሠሩ ሰዎች፣ «ሞክረው» የሚል የቃል ፈቃድ አይበቃችሁም። የሚፈተሹት አድራሻዎች፣ የፍተሻው ዓይነትና ቀኑ ተጽፈው የሥርዓቱ ባለቤት ይፈርምባቸው።

[በስክሪን፦ አይፒ፣ ፖርት፣ ሰዓት፣ የሰዓት ቀጠና]

ብዙ ክስ የሚከሽፈው ግን በማስረጃ ጉድለት ነው። መርማሪ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ይዞ ለኢንተርኔት አቅራቢው «ይህ ማን ነው?» ይላል። በሞባይል ኔትወርክ አንድን አድራሻ በአንድ ጊዜ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ የሚለያቸው የፖርት ቁጥሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚሰጠው ተጨማሪ ቁጥር፣ ነው። ፖርቱ ካልተመዘገበ መልሱ የሰዎች ዝርዝር ይሆናል። የሰዓት ቀጠናው ከተዘለለ ደግሞ ይብሳል፦ የሦስት ሰዓት ልዩነት ምንም የማያውቅ ሰው ቤት ፖሊስ ሊልክ ይችላል።

የአቅራቢው መዝገብ ራሱ አይቆይም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ለዚህ ነው የቡዳፔስት ስምምነት «ዳታው ሳይነካ ይቆይ» የሚል አስቸኳይ ትእዛዝ ያስገባው፤ እስከ 90 ቀን ይዘልቃል፣ ሊታደስም ይችላል። ልብ በሉ፣ ማቆየት ማስረከብ አይደለም። ዳታውን ለማግኘት ሌላ ሕጋዊ ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የመልእክቱን ይዘት ለማየት ደግሞ ብዙ አገሮች ከደንበኛ ስም የጠበቀ መስፈርት ያስቀምጣሉ።

ተጎጂስ ምን ያድርግ? ገንዘብ ከተላከ ከሁሉም በፊት ባንኩ ጋ ይደውል፤ ገንዘቡ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ከገባና ከወጣ ማስመለስ ይከብዳል። የስክሪን ፎቶ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን ደካማ ነው። የማጭበርበሪያውን ኢሜይል ለሌላ ሰው ከማስተላለፍ ይልቅ ዋናውን ፋይል አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሲተላለፍ መልእክቱ የመጣበትን መንገድ የሚያሳየው ራስጌ ይጠፋል። ስልኩን ፎርማት ማድረግም ማስረጃን በገዛ እጅ መደምሰስ ነው።

ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ ኔትወርኩን ወዲያው ንቀሉ፤ ከተቻለ ግን ኮምፒውተሩን አታጥፉት። መክፈቻ ቁልፉ ወይም የአጥቂው ዱካ ጊዜያዊ ሜሞሪው ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል።

አጥቂው ውጭ አገር ከሆነ ድርጊቱ በሁለቱም አገር ወንጀል መሆኑ ይታያል፤ ካልሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተላልፎ አይሰጥም። የቡዳፔስት ስምምነት አባላት ከሌላ አገር ለሚመጣ የምርመራና የማስረጃ ጥያቄ ቀንም ሌትም የሚመልስ የግንኙነት ክፍል እንዲያቋቁሙ ግዴታ አለባቸው። አቤቱታችሁ ላይ ትክክለኛው ሰዓትና የድረ ገጹ ሙሉ አድራሻ ካለ፣ ጥያቄው በዚያው ቀን ሊላክ ይችላል።