ማን ምን ሆነ?

ሰላም ቤተሰቦች። ዛሬ ስለ ዘጌ ቡና ላወራ ነበር፣ ይቆየን። ያሳደገችንን እታለምን ታውቋታላችሁ መቼም። እሑድ ቀበሌ 14 እሷ ቤት ነበርን። ለታናሽ እህቴ ወተት ቀዳችላት፣ ጥሬውን፣ ገና ከላሟ የመጣ። እህቴ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። «እታለም፣ ይፈላ» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና «በዚሁ ወተት አይደል እናንተን ያሳደግሁ? ማን ምን ሆነ?»

ዝም አልኩ። እህቴ ብርጭቆውን ይዛ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን እታለም ግማሽ እውነት ስላላት ነው። ጥሬ ወተት ውስጥ ሊገኝ የሚችል፣ ሊስቴሪያ የምንለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ኢንተርናሊን ኤ የሚባል ፕሮቲን አለው፣ የአንጀትን ሴል የሚከፍትበት ቁልፍ በሉት። ምግብ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ላይ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን መሃል ላይ ተቋርጧል፤ ቁልፉ ጎዶሎ ነው፣ ሰውነት ውስጥ መግባት ይከብዳቸዋል። እንዲህ ያለውን ዕድሜ ልክህን ብትበላው ምንም ላትሆን ትችላለህ።

ሌሎቹ ግን ቁልፋቸው ሙሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሲያወዳድሩ ሲሲ1፣ ሲሲ4፣ ሲሲ6 የሚባሉት ዘሮች ከምግብ ይልቅ ከታመመ ሰው ላይ በብዛት ተገኙ። ሲሲ1 ደግሞ ከወተት ተዋጽኦ ጋር ይያያዛል። ከወተት! ደቡብ አፍሪካን አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. 2017 እና 2018፣ ፖሎኒ የሚሉት የተዘጋጀ ሥጋ፤ ከ1,000 በላይ ሰው ታሞ ከ200 በላይ ሞተ፣ አብዛኛው በአንድ ዘር፣ በሲሲ6። ፍሪጅም አያድንም፣ ባክቴሪያው 4 ዲግሪ ላይ ቀስ እያለ ይራባል። የትኛው ዘር እንደሆነ ደግሞ አሽትቶም ቀምሶም የሚለይ የለም፣ የጂን ምርመራ ይፈልጋል። ማፍላት ግን ዘር አይመርጥም፣ ሁሉንም ይገድላል።

ወተቱ ፈላ፣ ተጠጣ። እሱ አይደለም የሚከነክነኝ። «ማን ምን ሆነ» የሚለው ነው። ይህ በሽታ እርጉዝ ላይ እስከ 70 ቀን ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፣ እናትየዋን እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎ ፅንሱን ሊያጠፋ ይችላል። ከሁለት ወር በፊት የጠጣችውን ወተት ማን ያስታውሳል?

እታለም ደግሞ... ከእኔ በፊት የጨነገፈባት አለ። ምች ነው ተባለ። ወተቱ ነው እያልኩ አይደለም፣ ፅንስ የሚያስወርድ ስንት ነገር አለ፣ አሁን ማንም አያውቀውም። እና ያን ጊዜ ትኩሳት ነበራት ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ። ግን ምን ይጠቅማታል? ወይም ምናልባት እህቴ ከወለደች በኋላ... አላውቅም፣ እስቲ።