ጎማው መንገዱን ቢያውቅ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነገር ላጫውታችሁ። ስለ መኪና ጎማ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤርታሌን ለማየት ሄጄ ነበር። ከመቀሌ ተነስተን በበርሃሌ በኩል ቁልቁል ወደ አፋር ወረድን። አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር ሹፌራችን ላንድክሩዘሩን አቆሙ። ወረዱና የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። የንፋስ መሙያዋን ክዳን ፈቱ፣ በጥፍራቸው ጫን አደረጓት። ሽሽሽ ይላል። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ቆም ያደርጉና በመለኪያ ያያሉ። ከ35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ወደ 18 አወረዱት። ከዚያ ቀጣዩ ጎማ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እሳቸው ግን አይቸኩሉም።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚያስተነፍሱት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አሸዋ ላይ ደንዳና ጎማ ይቀበራል። ላላ ሲል ተዘርግቶ ይረግጣል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ንፋሱ ሲቀንስ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ይረዝማል፣ ክብደቱም ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። በሙሉ ንፋስ ጊዜ አንድ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አራት መዳፍ ላይ። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ስለ ጎማው ሳላስብ አልቀርም።

ግን አሸዋው አለቀና የእሳተ ገሞራው ድንጋይ መጣ። ስለታም ነው። እዚያ የላላ ጎማ ጎኑ ይቀደዳል። በመልስ ደግሞ አስፋልት አለ። አስፋልት ላይ በ18 ብትበሩ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ መጨረሻውም መፈንዳት ነው። በአንድ ጉዞ ሦስት ዓይነት መንገድ፣ ሦስቱም የሚፈልጉት ጎማ ለየቅል።

ከዚያ በኋላ ነው ራሱን ከመንገዱ ጋር ስለሚያስማማ ጎማ ማንበብ የጀመርኩት። በጣም የወደድኩት ጎማ አምራቹ ጉድይር በ2015 ጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ያሳየውን ነው። ትሪፕል ቲዩብ ይባላል። ከጎማው ጥርስ ሥር ሦስት ቱቦዎች አሉት። አንዱ በውስጠኛው ጠርዝ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ በውጭ በኩል። እዚያው ጎማው ውስጥ ያለ ፓምፕ ንፋሱን ያከፋፍልላቸዋል። ዝናብ ሲሆን የመሃሉ ቱቦ ይነፋል። የጎማው መሃል ከፍ ይላል፣ መኪናው ውኃ ላይ እንዳይንሳፈፍ ያግዛል።

ሌላው ጎማ አምራች ኮንቲኔንታል በ2017 ያሳየው ኮንቲአዳፕት ደግሞ ትንንሽ ኮምፕረሰሮችን እዚያው ቸርኬው ላይ ይገጥማል። የቸርኬው ስፋትም ራሱ ይጠብባል፣ ይሰፋል። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ የምታዳምጡኝ፣ ለእናንተም አለ። ሃዩንዳይና ኪያ በ2023 የበረዶ ሰንሰለቱን ጎማው ውስጥ ደብቀው አሳይተዋል። ቅርፁን የሚያስታውስ ቅይጥ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ብቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚቀባበለው ግን የጉድይርን ኳስ ጎማ ነው፣ የ2016ቱን ኢግል 360። በማግኔት ኃይል ከመኪናው ሥር ተንሳፍፎ ይሽከረከራል የተባለለት። ያምራል። እኔን ግን ልቤን አልነካውም። ድንጋይ ላይ ሲቆረጥ የትኛው ጎሚስታ ነው የሚጠግነው? በረሃ መሃል ስኮርታውስ የት ይጫናል? ጎማ ከመንገዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚጠግነው ሰው ጋርም መስማማት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ጎማን ከመንገዱ ጋር የማስማማቱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሹፌራችን ማታ ላይ እሳት ከበን ስንጫወት «ወታደር ቤት ሳለሁ ኡራል የሚባለውን የሩሲያ ካሚዮን ነበር የምነዳው» አሉኝ። «እዚያ ጋቢና ተቀምጠሽ ነው ንፋሱን የምታወጪው፣ የምትሞዪው። መውረድ የለም።» በኋላ ሳጣራ እውነታቸውን ነው። አሜሪካኖችማ ባሕርም የብስም በምትሄደው ዳክ በምትባለው መኪና ላይ ይሄንኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውለውታል። ከ80 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ለጦር ሜዳ የተሠራው ነገር ለቤት መኪና እስካሁን አለመለመዱ በጣም ይቆጨኛል። በ2021 ማክላረን አርቱራ በተባለው የስፖርት መኪና ላይ የተገጠመው የፒሬሊ ጎማ ሙቀቱንና ንፋሱን ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። መናገር ትልቅ ነገር ነው። ግን ራሱን አይለውጥም።

በመልስ ጉዟችን አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ጨልሟል። ሁላችንም ደክሞናል፣ አቧራ ለብሰናል። ሹፌራችን ከባትሪ የምትሠራዋን ኮምፕረሰር አወጡና እንደገና ቁጢጥ አሉ። አንድ ጎማ ለመሙላት ብዙ ትቆያለች። እኔ በስልኬ አበራላቸው ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርሱ መለኪያዋ 34 አለች።

«ጋሼ፣ አይበቃም?»

«አንድ ይቀራታል» አሉና መልሰው ሰኩት።