ቀለሙን በየገጹ አትበትኑት

እንደምን ዋላችሁ! ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ዛሬ ሰርተፍኬት የምትወስዱ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። መድረክ መሪው ስለ ዌብ ዲዛይን ጠቃሚ ምክሮች ንገራቸው ብሎኛል፣ እሺ ምክሮቹን እነግራችኋለሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ላወራ ነው፣ እሱም ስታይል ሺት ነው። ለወላጆች ያህል፣ ስታይል ሺት ማለት የዌብሳይቱን መልክ፣ ቀለሙን፣ ፎንቱን፣ መጠኑን ለብቻ የምንጽፍበት ነው፣ የሚጻፍበት ቋንቋ ሲኤስኤስ ይባላል። ለናንተ ለልጆቹ ግን አላብራራም፣ መብራት በሄደ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ኮድ ስታነቡ የከረማችሁ ልጆች ናችሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው እያወቅነው ለምን እንደማንጠቀምበት ነው።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ሀዋሳ ፍቅር ሀይቅ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ። ፔንሲዮኑን አሳድሰው ሎጎውም ቀለሙም ተቀይሯል፣ ዌብሳይቱ ግን አሁንም ድሮ በነበረው ሰማያዊ ነው፣ ለገብርኤል ንግስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ መጀመሪያ ስልኩ ላይ አይቶ ነው የሚደውለው። እና የሰራላቸውን ልጅ ቀለሙን ቀይርልኝ ሲሉት መጀመሪያ ለሙሉ ስራው ከከፈሉት ብዙም የማያንስ ብር ጠየቃቸው። "ልጄ ቀለም ለመቀየር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" አሉኝ። እኔም ልጁ አጋኖ ነው ብዬ አስቤ ነበር፣ ፋይሉን ስከፍተው ግን ያለው እውነት ነው፣ ስራው በጣም ብዙ ነው። ለምን በዛ? እያንዳንዱ አንቀጽ፣ እያንዳንዱ ርዕስ፣ እያንዳንዱ በተን የራሱን ቀለም፣ የራሱን ፎንት፣ የራሱን መጠን ተሸክሞ ተቀምጧል። የክፍሎች ገጽ ላይ ያለው ሰማያዊ የምግብ ገጽ ላይ ካለው ጋር እንኳን አንድ አይደለም፣ ኮዱ ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በእንግሊዝኛ ሶስት ጊዜ ተደግሟል። የአማርኛው የዋጋ ዝርዝር ጭራሽ ጽሁፍ አይደለም፣ ፎቶሾፕ ላይ ተሰርቶ የተለጠፈ ምስል ነው፣ ስለዚህ እናትዬዋ የአልጋ ዋጋ ሲቀይሩ ምስሉ እንደገና ይሰራል፣ ስልካቸው ጽሁፉን በድምጽ የሚያነብላቸው ዓይነ ስውር ወገኖቻችን ደግሞ እዛ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዋጋው የለም፣ ባዶ ነው።

ምን አደረግን? ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ፣ ማለትም የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኮድ ውስጥ፣ የተበተነውን ቀለምና መጠን በሙሉ ለቅመን አወጣን፣ አንድ የሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ አስገባን፣ ፋይሉ አናት ላይ ዋና ቀለም የሚል ቫሪያብል፣ ማለትም ቀለሙን አንድ ቦታ የሚይዝ ስም፣ አስቀመጥን፣ ሁሉም ገጽ እሱን ይጠራል። አድካሚ ስራ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ከዛ ግን ለፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ደውለው ትንሽ ጠቆር ቢልልኝ ሲሉኝ ስልኩን ሳልዘጋ አንድ መስመር ቀየርኩ፣ በሶስቱም ቋንቋ ያለው ገጽ በሙሉ ተቀየረ። "ይሄው ነው?" አሉኝ። አዎ፣ ይሄው ነው!

ይሄ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ሆኮን ሊ የሚባል ኖርዌጂያዊ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሲሰራ የሲኤስኤስን ሀሳብ ያቀረበው በፈረንጆቹ 1994 ነው፣ የመጀመሪያው እትም በ1996 ጸደቀ፣ በ1997 ደግሞ ኤችቲኤምኤል 4 ሲወጣ ፎንት የሚለውን ታግ፣ ማለትም የጽሁፉን መልክ እዛው ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የሚሰጠውን ምልክት፣ ተዉት ተባለ። ይዘቱ በኤችቲኤምኤል፣ መልኩ በስታይል ሺት፣ በቃ ጉዳዩ ያኔ አልቋል። እኛ ጋ ዛሬም ፎንት ታግ ያለበት ዌብሳይት በብር ይሸጣል!

አንዳንዱ አያውቅም፣ እሱን አልወቅስም፣ ይማራል። የሚያናድደኝ እያወቀ የሚያደርገው ነው። "ውስብስብ ካደረግኩት ደንበኛው ከኔ ሌላ ጋ አይሄድም" የሚል ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደንበኛን አስሮ መያዝ ሙያ አይደለም! ለፍታ ባጠራቀመችው ብር ዌብሳይት ያሰራች እናት ያንን ዌብሳይት ለፈለገችው ሰው ሰጥታ ማሰራት መቻል አለባት። ከናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ፋይላችሁን ሲከፍት ካልገባው ስራው አላለቀም፣ ብር ተቀብላችሁም ቢሆን አላለቀም!

ሌላው ደግሞ ዳታ ነው። ስታይል ሺቱ ለብቻው ፋይል ከሆነ ብራውዘሩ አንዴ አውርዶ ያስቀምጠዋል፣ ሰውየው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄድ ደግሞ አያወርደውም። በየታጉ ከጻፋችሁት ግን ያው ቀለም፣ ያው ፎንት በየገጹ እንደገና ይወርዳል። የሚከፍለው ማነው? በሜጋ ባይት ፓኬጅ የሚገዛው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ተማሪው ነው።

አሁን ፊደላችንን በተመለከተ፣ ይሄ ሀዋሳ ለሚሰራ ሰው ግዴታ ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ሲዳምኛ በላቲን ይጻፋል፣ አማርኛ በግዕዝ፣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ በአንድ መጠንና በአንድ የመስመር ርቀት አያምሩም። የኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ላይን ሃይቱን፣ ማለትም የመስመር ርቀቱን፣ ከፍ ካላደረጋችሁት መስመሮቹ ይጣበቃሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ማንበብ ያቅታቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ኤችቲኤምኤሉ ላይ ላንግ በሚለው አሳውቁ፣ ከዛ ስታይል ሺቱ ውስጥ ለአማርኛው ብቻ የራሱን ፎንትና የመስመር ርቀት ስጡት። ኢታሊክ አማርኛ ላይ አትጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ፎንቱ ኢታሊክ ስለሌለው ብራውዘሩ ራሱ ፊደሉን አጋድሞት ያበላሸዋል፣ ለማጉላት ደመቅ አድርጉት ወይ ቀለም ስጡት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ፣ አቢሲኒካ አለ፣ ሁለቱም በነጻ ነው። ዝርዝር በ፩ በ፪ በ፫ መቁጠር ከፈለጋችሁ እንኳን ሲኤስኤስ ውስጥ ኢትዮፒክ ኑሜሪክ የሚባል አለላችሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እና አማርኛን ምስል አድርጎ መለጠፍ ዛሬ ምንም ምክንያት የለውም፣ ምንም!

ቀሪውን ላሳጥር፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው። መጀመሪያ ለስልክ ስሩ፣ ከዛ ለኮምፒውተር አስፉት፣ ገጹ በስልኩ ስክሪን ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያደርገውን ቪውፖርት የሚለውን ሜታ ታግ አትርሱ። የፊደል መጠን በፒክስል ከመቸከል በሬም ስጡ፣ ሬም ሰውየው ብራውዘሩ ላይ የመረጠውን የፊደል መጠን የሚከተል መለኪያ ነው። ግራጫ ጽሁፍ ነጭ ላይ አታድርጉ፣ ለተራ ጽሁፍ የሚመከረው ኮንትራስት፣ ማለትም በጽሁፉና በጀርባው መካከል ያለው የድምቀት ንጽጽር፣ ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው፣ ሀይቅ ዳር ጸሀይ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት። ለፕሪንትም ትንሽ ስታይል ጻፉ፣ ሜኑና ባነሩ ወረቀት ላይ እንዳይወጣ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ ዛሬ ማታ ከድግሱ በኋላ የመጨረሻ ፕሮጀክታችሁን ክፈቱና ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ስታይል የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ በየታጉ ተበትኖ ካገኛችሁት ለቀጣሪ ከመላካችሁ በፊት አውጡት። ያስቸገረው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ላብ ውስጥ ነኝ፣ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እንሰራዋለን። አመሰግናለሁ።