ጥቁር ጀርባዎቹን ጋሎች በምን እንለያቸው?

እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ ጣና ሐይቅ ዳር ድረስ ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። አስጎብኚዎችም፣ ጀልባ ነጂዎችም፣ ተማሪዎችም አላችሁ። እንደጨረስኩ አብረን ወደ ዓሣ ማራገፊያው ስለምንሄድ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ታንኳ የሚቀዝፉ አባት ድንጋይ ላይ የቆመ ትልቅ ጋል (ዓሣ የሚለቅመውን የውኃ ወፍ) አሳዩኝና “ልጄ፣ ይሄ ጀርባው ጥቁር የሆነው ከየት ነው የሚመጣው?” አሉኝ። ከፊንላንድ ነው አልኳቸው። ማታ ፎቶዎቹን አስፍቼ ሳይ ግን ተሳስቻለሁ። በማግስቱ ሄጄ አረምኩላቸው። “ታዲያ በምን ለየኸው?” አሉኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ቀን ለእሳቸው የመለስኩትን ነው።

ጥቁር ጀርባና ቢጫ እግር ያለው ይህ ጋል ብርዱን ሸሽቶ የሚመጣ እንግዳ ነው። እኛን የሚያሳስቱን ሁለት ንዑስ ዝርያዎቹ ናቸው። አንዱ ባልቲክ የሚባለው ሲሆን ፊንላንድንና አካባቢዋን ይዞ ይፈለፈላል። ሌላው ከሰሜን ሩሲያ ዛፍ አልባ ሜዳ የሚመጣው ሆይግሊን ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ተጓዥ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነው፤ ሰውዬው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችን ድረስ መጥቶ ስለነበር፣ በእሱ ስም የተጠራው ወፍ እኛ ጋ ሲከርም ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል። ሆይግሊንን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው የሚሉም አሉ።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናየው ቀለም ነው። ባልቲክ ጀርባው ከሞላ ጎደል ጥቁር ስለሆነ ጀርባው የት አልቆ የክንፉ ጫፍ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሆይግሊን ጥቁር ግራጫ ነው፤ ጫፉ ከጀርባው ጠቆር ብሎ ይለያል። ግን እባካችሁ በዚህ ብቻ አትፍረዱ። የጣና ፀሐይ ረፋድ ላይ ጥቁሩን ግራጫ ያስመስለዋል፣ ደመና ሲሆን ደግሞ ግራጫው ይጠቁራል፣ ስልካችሁም እንደፈለገ ያደምቀዋል ያደበዝዘዋል። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉና ሁለት ሦስት ወፎች ጎን ለጎን ሲቆሙ አወዳድሩ።

ቀጥሎ ቁመናውን እዩ። ባልቲክ ቀጠን ያለ ነው። ራሱ ትንሽ፣ ምንቃሩ ስስ፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ክንፉ ግን ከጭራው አልፎ ርቆ የሚሄድ። ሆይግሊን ደንደን ያለና ረጅም እግር ነው። ከመራቢያ ወቅቱ ውጭ በሚለብሰው ላባ ማጅራቱ ላይ ቡናማ ጭረቶች ይታዩበታል፤ የባልቲክ ራስ ብዙውን ጊዜ ነጭ እንደሆነ ይቆያል።

አሁን እኔ ከሁሉም በላይ ወደማምነው ልምጣ፤ ላባ መቀየር። የክንፉን ጫፍ የሚሠሩት 10 ረጃጅም ላባዎች የሚቀየሩት በተራ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። አሮጌው ላባ ተበልቶ ቡናማ ይሆናል፣ አዲሱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ በመካከላቸው ደግሞ ወፉ ሲበር ክፍተት ይታያል። ባልቲክ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚያቆየው አፍሪካ እስኪደርስ ስለሆነ ኅዳር ላይ ብታገኙት ገና መጀመሩ ነው፤ ሆይግሊን ግን ቀድሞ ስለሚጀምር በዚያው ወር አጋምሶታል። የእኚያ አባት ወፍም ከላባዎቹ ከግማሽ በላይ አዲስ ነበሩ፤ ሆይግሊን ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የካቲት ላይ ሁለቱም ወደ መጨረሱ ስለሚቃረቡ ይህ ምልክት ያን ያህል አይረዳም። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን ሁሌም ጻፉ።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ስለ ትልልቆቹ ነው። ጋሉ ሙሉ መልኩን ለመያዝ 4 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቡናማዎቹን ወጣቶች “ትልቅ ጋል፣ ያልተለየ” ብላችሁ መዝግቡ። ይህ ነውር የለውም። ነውሩ በግምት ስም መስጠት ነው፤ ምክንያቱም ባልቲክ በፊንላንድ ቁጥሩ የቀነሰ ወፍ ነው፣ በጥር በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውኃ ወፎች ቆጠራ ላይ እኛ ሆይግሊንን ባልቲክ እያልን ከጻፍን የሌለውን አለ ማለታችን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ካገኛችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና እሱን አንብቡ። ፊንላንድ ውስጥ ብዙ ጫጩቶች ቀለበት ይታሰርላቸዋል፤ ፊደሉና ቁጥሩ የት እንደተፈለፈለ ይነግረናል። በሩቁ ቴሌስኮፕ ይሻላል እንጂ ወፉን ለማስጠጋት ብላችሁ አታባርሩት።

በሉ እንነሳ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ እያጸዱ አንጀቱን ሲጥሉ ጋሎቹ ተሰብስበው ይወርዳሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የምናገኛቸው ያን ጊዜ ስለሆነ ጀልባዎቹ ሳያራግፉ እንድረስ።