ማክሰኞ ሥራ፣ ረቡዕ ዲያሊሲስ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ለብዙ ጊዜ ላውራው አላውራው እያልኩ ያቆየሁት የራሴ ጉዳይ አለ፤ እሱን ነው የማጫውታችሁ።

በቀደም እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። የማውቀው ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ትንሽ ቆየና ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ዲሳቢሊቲ ላይ አይደለህ እንዴ? ዲሲ ፓርኪንግ ስትሠራ አየሁህ» አለኝ። በክፋት አልነበረም፣ ፈርቶልኝ ነው። «ኧረ እንዳይደርሱብህ» ብሎ ጨመረልኝ።

ዲሳቢሊቲ ማለት ታሞ መሥራት ላቃተው ሰው የአሜሪካ መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ይቺ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። እኔ እኮ የደበቅኩት ነገር የለም።

ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ዲያሊሲስ አለኝ፤ ደሜ በማሽን ይጣራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ እቆያለሁ። ለመርፌው እንዲመች ግራ ክንዴ ላይ ሁለት ደም ሥሮች በቀዶ ጥገና ተገናኝተዋል። እጃችሁን ብታሳርፉበት ይነዝራል። ጆሮ ሲጠጋው ደግሞ ንብ ያለበት ቀፎ ነው። ትንሿ ልጄ ማታ ማታ ጆሮዋን ትለጥፍበትና «አለ፣ ዛሬም አለ» ትለኛለች። በዚህ ክንድ ከባድ ነገር አላነሣም። የደም ግፊት እንኳ አይለካበትም።

ከመታመሜ በፊት 12 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ደብል። ስታመም ዲሳቢሊቲ አመለከትኩ፣ ተፈቀደልኝ። ቤት መዋል ግን አልቻልኩም። በዲያሊሲስ ቀን አቅም የለኝም፤ በማግስቱ ግን ሰው እሆናለሁ። ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቡናዬን ብቻዬን አፍልቼ ብቻዬን እጠጣለሁ። ለሐበሻ ይሄ ከባድ ነው።

አንድ ወዳጄ ይሄን አየና «በካሽ ና ሥራ፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዲያሊሲስ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ሶሻል ወርከር፣ ሕመምተኛውን የምታማክር ባለሙያ፣ አለች። የእኛዋን «አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ዲሳቢሊቲ እየወሰደ መሥራት ይችላል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ስለራሴ እንደማወራ የገባት ይመስለኛል፤ ግን አላሳፈረችኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አሁንም ከእኔ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምወስደው ኤስኤስዲአይ የሚባለውን ነው፤ ሠርተህ ታክስ ከፍለህ የምታገኘውን። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ዘጠኝ የሙከራ ወራት ይሰጣል። በእነዚያ ወራት የቱንም ያህል ብትሠራ፣ ሪፖርት እስካደረግክና በሽታው እስካለ ድረስ ቼክህ ሙሉውን ይመጣል። ወራቱ መከታተል የለባቸውም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ተበታትነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። በ2025 አንድ ወር የሚቆጠረው ከ1,160 ዶላር በላይ ከሠራህ ነበር። ዘጠኙ ሲያልቁ ደግሞ 36 ወራት አሉ። በእነዚህ ውስጥ ጣሪያ አለ፤ በ2025 1,620 ዶላር ነበር። ከጣሪያው በላይ የሠራህበት ወር ቼኩ ይቀራል፣ ካልበለጠ ይመጣል። ማየት ለተሳናቸው በዚያው ዓመት ጣሪያው 2,700 ነበር። ብዙ ሰው ከቼኩ ይልቅ የሚፈራው ሜዲኬሩ፣ የመንግሥት የጤና መድኅኑ፣ እንዳይቀርበት ነው። እሱም ከሙከራው በኋላ ቢያንስ 93 ወር ይቀጥላል።

እኔ የካሹን ትቼ፣ በፔይቼክ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ስድስት ስድስት ሰዓት ነው የምሠራው፤ በሰዓት 18 ዶላር። በወር ወደ 1,400 ይመጣል። መኪና አላወጣም፣ አላስገባም። ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ።

አንድ ነገር አደራ። የሚቆጠረው ግሮሱ ነው፣ ታክስ ሳይቆረጥ ያለው። እኔ መጀመሪያ ባንክ የሚገባልኝን እያየሁ ነበር የማሰላው። ሶሻል ወርከሯ ፔይ ስተቤን፣ የደሞዜን ዝርዝር ወረቀት፣ አስወጥታ፣ ከላይ ያለውን ቁጥር በእስክሪብቶ ባታከብብልኝ ኖሮ እሳሳት ነበር። አሁን ወር በገባ ቁጥር ስተቡን ገንዘቡን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ኦንላይን አስገባለሁ፣ ደረሰኙን አትሜ ፖስታ ውስጥ አኖራለሁ። ሪፖርት ያላደረገ ሰው ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «ይሄን ያህል መልስ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ ሶሻል ሴኩሪቲ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚወስዱት ኤስኤስአይ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው፣ ግን ሌላ ነው፤ አትቀላቅሉት። እዚያ የሙከራ ወር የለም። አብዛኛውን ጊዜ ከደሞዙ መጀመሪያ 85 ዶላር ይተውልሃል፣ ከቀረው ግማሹ ከቼኩ ይቀነሳል። ያላገባ ሰው ደግሞ ከ2,000 ዶላር በላይ ተቀማጭ ሊኖረው አይገባም። እቁብ የምትጥሉ እናቶች፣ ዕጣው ወጥቶላችሁ ገንዘቡ ባንክ ከመግባቱ በፊት የሚያውቅ ሰው አማክሩ። እባካችሁ።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ሰው ልመለስ። ያ ሰው ለምን ፈራልኝ? «አካል ጉዳተኛ» ስንል ክራንች ነው የሚታየን፣ ዊልቸር ነው የሚታየን። ኩላሊት አይታይም። ስለዚህ ቆሞ የሚሄድ ሰው ቼክ ሲወስድ የሚሰርቅ ይመስለናል። ገንዘቡም ምጽዋት ይመስለናል። እድርተኛ ሐዘን ደርሶበት እድሩ ድንኳን ሲተክልለት፣ ገንዘብ ሲሰጠው፣ ለማኝ የሚለው አለ? የለም። ሲያዋጣ ነዋ የኖረው! እኔም 12 ዓመት ከእያንዳንዱ ፔይቼኬ 6.2 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ ተቆርጧል። አሠሪዬም ያንኑ ያህል ጨምሮ ከፍሏል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የዲሳቢሊቲውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ሠራተኛ ክፍያውን የሚያገኘው 50 ዓመት ከሞላው ብቻ ነበር። በ1960 ነው የዕድሜው ገደብ የተነሣው። እኔ ስታመም 41 ዓመቴ ነበር። ያ ባይነሣ ኖሮ ቤቴ ምን ይሆን እንደነበር አንዳንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆኜ አስባለሁ።

በካሽ ሥራ የሚያሳዝነኝም ለዚሁ ነው። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ካለፉት 10 ዓመታት ቢያንስ የ5 ዓመት ያህል ታክስ የተከፈለበት ሥራ ይጠየቃል። ጎበዝ ሠራተኛ ሆኖ፣ ዕድሜውን በካሽ ጨርሶ፣ ሲታመም ይሄን በር ሲያንኳኳ በስሙ ምንም ያልተመዘገበለት ወንድም አውቃለሁ። የሠራው ሥራ እኮ ከእኔ ይበልጣል።

እሁድ ለዚያ ለለቅሶ ቤቱ ሰው ደወልኩለት። አሁን ለእናንተ ያልኳችሁን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ቁጥሮቹን ሁለቴ አስደገመኝ፤ የሚጽፍ መሰለኝ። ከዚያ «ግሮስ ያልከው ከታክስ በፊት ያለውን ነው አይደል?» አለ። አዎ አልኩት። ትንሽ ቆየና «ለአንድ ጓደኛዬ ፈልጌው ነው» አለኝ።

«ሐሙስ ማታ ቤት ና» አልኩት። «ስተብ ካለው ይዘህለት ና።»

እሺ ብሏል። ነገ ረቡዕ ነው፣ በሌሊት እነሣለሁ። ደኅና እደሩልኝ።