ምን ፈልገህ መጣህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አባቶች ይባርኩኝ። እንደምን አመሻችሁ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ዘንድሮ የምትመረቁት። ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? እሺ።

ስብከት አይደለም የማቀርበው፣ ሰባኪ አይደለሁም፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። የጉባኤው ሰብሳቢ ደውሎ ለተመራቂዎቹ ስለ እምነት ትንሽ ነገር በልልን ሲለኝ እምቢ ልል ነበር፣ ከዛ አንድ ጥያቄ ትዝ አለኝና እሱን ይዤ መጣሁ። ሦስት ቃል ናት። ምን ፈልገህ መጣህ?

የጠየቁኝ የኔታ ናቸው፣ በ1986 ዓ.ም.፣ 11 ዓመቴ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴን በሬዎች እየጠበቅኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ በሬዎቹ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብተው የማሳው ግማሽ የለም፣ አባቴ ደግሞ ሲናደድ የሚቻል ሰው አይደለም፣ ስለዚህ ቤት ሄጄ ከምገረፍ ብዬ እግሬ ወደመራኝ ነጎድኩ። በዛ ላይ ለቆሎ ተማሪ ከየቤቱ እንጀራ ይሰጠዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ የመንፈሳዊ ሕይወቴ አጀማመር ይሄ ነው፣ ዱላ ፍራቻና እንጀራ።

የኔታ ዓይናቸው አያይም። ከጎጇቸው ደጅ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠው ኮቴዬን ሰሙና "ማነህ?" አሉ። ስሜን ነገርኳቸው። "ምን ፈልገህ መጣህ?" "ትምርት ፈልጌ የኔታ።" ዝም አሉ። "እሱንስ ሁሉም ይለዋል። ርቦሃል?" ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ "አዎ" አልኩ። "ሸሽተህ ነው?" "አዎ።" "በል እንግዲህ እውነቱን ከተነጋገርን ግባ" አሉና ለአንዱ ትልቅ ተማሪ አኩፋዳ ስጡት አሉ። አለቀ። ኢንተርቪው ያለፍኩት በዚህ ነው።

አኩፋዳ የማታውቁ ከተማ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ ተማሪ በትከሻው አንጠልጥሎ የለመነውን የሚሰበስብባት ናት። ማታ ስትከፈት ሽታዋን ዛሬም አልረሳውም። አንዷ ቤት የሰጠችው የጤፍ ቁራሽ፣ ሌላዋ የሰጠችው ጥቁር የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ የነካው፣ የደረቀ፣ የሻገተም አለ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጨፍልቆ። ደበሎ ለብሰን፣ ውሻ እየተከላከልን፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እንላለን፣ ስለ ማርያም ስሟ ማለት ነው። እኔ ግን በዛን ሰዓት በማርያም ስም እየጠራሁ የማስበው ስለ ማርያም አልነበረም፣ የዛች ቤት ሴትዮ ትኩስ ጋግራ ይሆን ወይስ የትናንቱን ትሰጠኝ ይሆን ነው። አፌ ማርያም ይላል፣ ልቤ ምጣዱ ላይ ነው። ይሄን የምነግራችሁ ልትስቁልኝ አይደለም፣ በኋላ ሳስበው ብዙው ጸሎቴ ከዛ ብዙም አልራቀም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እጅ አታወጡም፣ በልባችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ስትመጡ ወደዚህ ጉባኤ ያመጣችሁ ምንድነው? ዶርም ውስጥ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ የናፈቃችሁን የቤት ሰው ድምፅ እዚህ አግኝታችሁ ነው? ጂፒኤ ወርዶ ነው? ያያትን ልጅ፣ ያውም ነጠላ ስትለብስ ያማረችውን፣ ተከትሎ የገባም አለ፣ አትሳቁ፣ ሁለቱ ተጋብተው ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሱ ተገኝቼ ጠላ ጠጥቻለሁ። እናቱ ደውላ "ቤተክርስቲያን ሄድክ?" ስትለው መዋሸት ከብዶት የመጣ አለ። ዲቪ እንዲደርሰው የሚጾም አለ። ዘንድሮ ደግሞ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እዚህ ጎጃም የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ መንገድ ተዘግቶ ኔትወርክ ጠፍቶ የወላጁን ድምፅ ለሳምንታት ያልሰማ ልጅ ፈርቶ መጥቶ ተንበርክኳል። ይሄም መነሻ ነው። አልፈርድበትም፣ እኔም ተንበርክኬያለሁ።

ቅዱስ ባስልዮስ፣ የቂሳርያው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አባት፣ ለእግዚአብሔር የሚታዘዝ ሰው ከሦስት ልብ በአንዱ ነው የሚታዘዘው ብሎ አስተምሯል። ወይ ቅጣት ፈርቶ እንደ ባሪያ፣ ወይ ደሞዝ ፈልጎ እንደ ቅጥረኛ፣ ወይ ደግሞ አባቱን ወዶ እንደ ልጅ። ይሄን መጀመሪያ ስሰማ ራሴን አገኘሁት፣ የገብሱ ማሳ ባሪያ ነኝ፣ የአኩፋዳዋ ቅጥረኛ ነኝ፣ ሦስተኛው ጋ ስደርስ ግን ዝም አልኩ።

ግን ደግሞ ሉቃስ 15ን እዩት። ያ የጠፋው ልጅ የተመለሰው አባቱን ናፍቆ ነው የሚል ስብከት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ተጽፎ ያለው ግን እንደዛ አይደለም። ያለው "እንጀራ የሚተርፋቸው የአባቴ ሞያተኞች ስንት ናቸው? እኔ ግን ከዚህ በራብ እጠፋለሁ" ነው። እንጀራ! ርቦት ነው የተመለሰው። መንገድ ላይ ንግግሩን እያጠና ነው የሚሄደው፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ ሊል፣ ማለትም ቅጥር ሊለምን። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አንገቱን አቀፈው፣ ያጠናትን ንግግር ሲጀምር ስለ ቅጥሩ ያለችዋ ጋ ሳይደርስ አቋረጠውና ልብስ አምጡ ቀለበት አምጡ አለ። ልጁ በረሃብ መምጣቱ አልተጠየቀበትም። ስለዚህ መነሻዬ ንጹሕ አይደለም ብላችሁ ወደኋላ የምትሉ ካላችሁ፣ ንጹሕ መነሻ ይዞ የመጣ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም፣ አባቶችን ጨምሮ፣ ይቅርታ አባቶች።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ መነሻችንን ለምን እንመርምረው? ከጀመረ ይሂድ አይሻልም?

የዮሐንስን ወንጌል ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዛ ወንጌል ላይ ጌታ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል ጥያቄ ነው፣ ምዕራፍ 1 ቁጥር 38። ሁለቱ የመጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርት ሲከተሉት ዘወር ብሎ "ምን ትፈልጋላችሁ?" አላቸው። የኔታ ያሉኝን ማለት ነው። እነሱ ደግሞ የሚሉት ጠፋባቸው መሰለኝ "ወዴት ትኖራለህ?" አሉት፣ እሱም መጥታችሁ እዩ አላቸው። ምዕራፍ 6 ላይ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ 5000 ሰው ከጠገበ በኋላ በማግስቱ ባሕር ተሻግረው ፈልገው ሲያገኙት "የምትፈልጉኝ ከእንጀራው ስለ በላችሁና ስለ ጠገባችሁ ነው" ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። ያችን ቀን ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ወደኋላ ተመለሱ። የቀረው ጴጥሮስም "ገብቶናል" አላለም፣ "ወደ ማን እንሄዳለን?" ነው ያለው። ወደ ምን አላለም። ከዛ ምዕራፍ 20 ላይ፣ ከትንሣኤው በኋላ፣ መቃብሩ ጋ ለምታለቅሰው ለመግደላዊት ማርያም የቀረበላት ጥያቄ "ማንን ትፈልጊያለሽ?" ሆነ። ምን ብሎ የጀመረው ጥያቄ ማን ሆኖ አረፈ። በኛ ቋንቋ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው፣ "ም" "ማ" ሆነ፣ በቃ። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያይ መተው አይችልም፣ ታገሱኝ።

ደግሞ "ማንን" የሚለውን መመለስ ብቻውን አይበቃም። ምዕራፍ 18 ላይ በጌቴሴማኒ ወታደሮቹንም "ማንን ትፈልጋላችሁ?" ብሏቸዋል፣ "የናዝሬቱን ኢየሱስን" ብለው ትክክለኛውን መልስ መለሱ፣ በእጃቸው ግን ጋሻና ጦር ነበር። ቲክቶክ ላይ ገብቼ በስሙ የሚሰዳደቡትን ስሰማ እነዚህ ሰዎች ነው ትዝ የሚሉኝ። መልሱ ልክ ነው፣ ጥቅሱ ልክ ነው፣ የሚፈለገው ግን ያኛውን ወገን መርታትና ላይክ ነው። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ቅኔ ቤት መጀመሪያ የቆጠርኳት ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላት አጭር ቅኔ፣ ስለ ጌታ ስቅለት ነበረች፣ ተማሪዎቹ ይበል አሉ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። የኔታ አንድ ጊዜ አስደገሙኝና "ሰሙ ያምራል። ወርቁ የታለ?" አሉ። ፈለግኩ፣ የለም። ስለ ስቅለት ያወራሁት እንዲጨበጨብልኝ ነበራ። የኔታ በቅኔ በታወቀው በዋሸራ የተማሩ ሰው ናቸው፣ ወርቅ የሌለው ቅኔ አያልፋቸውም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

እናቴ በ2009 ዓ.ም. ታመመች። ሆስፒታሉም ተሞከረ፣ መድኃኒቱም፣ ከዛ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጠበል ይዣት ሄድኩ። ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ዕለት ደረስን፣ ሕዝቡ ብዛቱ፣ ብርዱ። የጻድቁን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ታስረው ሲመለሱ ውኃው ሳያረጥብ መለሰላቸው ይላል ገድሉ። እኔም እናቴን ጠበሉ ውስጥ ደግፌ ይዤ በልቤ "አደራ" አልኩ። ስለትም ተሳልኩ፣ ጃንጥላ። እንደውም እርግጠኛ ስለነበርኩ ከዛ ስመለስ አስቀድሜ ገዛሁት፣ ባለ ወርቅማ ዘርፍ፣ ከነላስቲኩ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት።

ግንቦት ላይ አረፈች።

ተዝካሯን አወጣሁ፣ ከዛ ግን ቤተክርስቲያን መሄድ አቆምኩ። ሁለት ዓመት። ለሰው "ስራ በዝቶ" እላለሁ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ቤቴ ድረስ ይሰማል፣ ራሴን ተከናንቤ እተኛለሁ፣ ዓይኔን ስገልጥ ጃንጥላው ከላይ ሆኖ ያየኛል። ያኔ ነው መጽሐፈ ኢዮብን እንደ ሰው ያነበብኩት። ሰይጣን እግዚአብሔርን "በውኑ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራ በከንቱ ነውን?" ይለዋል፣ ያጠርክለት አንተ፣ የባረክለት አንተ፣ ለምን አይፈራህ ማለቱ ነው። ጥያቄው የሰይጣን ነው፣ ግን እኮ ጥሩ ጥያቄ ነው! እግዚአብሔርም ይሄ አይጠየቅም አላለም። ኢዮብ ቢጠየቅ መልስ ነበረው። እኔን ሲጠይቁኝ መልሱ "በከንቱ አይደለም፣ በእናቴ ነበር" ሆነ። እናቴን መውደዴ ጥፋት አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ዓመት እግዚአብሔርን እንደ ጥሩ መንገድ እየተጠቀምኩበት እንደነበር፣ መንገዱ ወደምፈልገው ቦታ አላደርስ ሲል ደግሞ ትቼው እንደቀረሁ፣ ይሄን ያወቅኩት እዛ አልጋ ላይ ነው። ሰው ይሄን በደህናው ቀን ቢመረምረው ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው፣ እኔ በሐዘኑ ቀን ነው የመረመርኩት፣ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ጃንጥላውን ከቁምሳጥኑ አውርጄ አውቶብስ ተሳፈርኩ፣ ከዛ የቀረውን በእግሬ። ሐሳቤ የኔታን መጣላት ነበር። ይሄን ልጠይቃቸው፣ ስለቱ የሚሰጠው ሲሰማ ነው፣ ያልተሰማስ ጃንጥላ ምን ይደረጋል፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው ያስተማራችሁን፣ እያልኩ እንደዛ እንደጠፋው ልጅ ንግግሬን እያጠናሁ ነው የሄድኩት።

ደረስኩ። ያው መደብ፣ ያው ጋቢ የሚመስል ጋቢ፣ የኔታ በጣም አርጅተዋል። ጎጇቸው አጠገብ ልጆች ቅኔ ይቆጥራሉ፣ ሁሉም ለየራሱ እያጉተመተመ። ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። "ማነህ?" አሉ። ስሜን ነገርኳቸው። ትንሽ ቆዩና "ገብሱን ያስበላኸው?" አሉ። ለካ አልረሱትም። ከዛ "ዛሬስ ምን ፈልገህ መጣህ?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። "ምንም የኔታ" አልኩ፣ "እርስዎን ነው።"

ዝም አሉ። እንደ ያኔው ዝም አሉ። እውነቴን ይሁን አይሁን የሚያዳምጡ ይመስላል። ከዛ እጃቸውን ዘርግተው መደቡን መታ መታ አደረጉና "ተቀመጥ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ መልሰው ደግሞ "አንተ፣ በሶ በጥብጥለት፣ ይሄ ልጅ ሲመጣ ሁልጊዜ ርቦት ነው።"